ትንሽ፣ ገራም፣ ርካሽ፦ ለሳይንስ ክበብ የሚሆን እባብ እንዴት ይመረጣል?

በአገራችን ሰውና እባብ ሲገናኙ የሚሆነው የታወቀ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ይሸሻል፣ ሰው ዱላ ካገኘ ደግሞ እባቡ ይሞታል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለው ብሂልም የፍርሃቱን ጥልቀት ይመሰክራል። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን መርዝ አልባ እባቦችን በቤት ማሳደግ ከተለመደ ቆይቷል። ለጀማሪ ከሚመከሩት መካከልም ከአፍሪካ የሄደው ቡናማው የቤት እባብ ይገኛል፤ የዚህ እባብ ዘመዶች በአገራችን በብዙ ቦታ ከሰው ጎጆ አጠገብ ይኖራሉ።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ አንድ ነው። በጨለለቅቱ የሚያስተምር የባዮሎጂ መምህር ከሳይንስ ክበብ አባላት ጋር ሆኖ፣ አነስተኛ በጀት ይዞ፣ ተማሪዎች በእጃቸው ሊይዙት የሚችሉትን ትንሽ እባብ ለማሳደግ ቢያስብ የትኛውን ይምረጥ? ጨለለቅቱ የጌዴኦ ዞን የኮቸሬ ወረዳ ከተማ ናት። በአካባቢው ቡናና እንሰት በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር ተሰባጥረው ይበቅላሉ፤ ይህ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እርጥበትና ጥላ ባለበት ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪት፣ እንሽላሊትና አይጥ ይበዛሉ፤ እነዚህ ባሉበትም የሚበሏቸው እባቦች አይጠፉም። ስለዚህ ጥያቄው እባብ ከየት ይገኛል ሳይሆን፣ በምን መመዘኛ ይመረጣል የሚለው ነው።

ብዙ ሰው የሚያስቀምጣቸው መመዘኛዎች ሦስት ናቸው፦ ትንሽ ይሁን፣ ገራም ይሁን፣ ርካሽ ይሁን። ሦስቱንም በየተራ እንያቸው።

1. ትንሽነት

ትንሽ እባብ ትንሽ ሳጥንና ትንሽ ምግብ ይበቃዋል፤ ለመያዝም ይቀላል። ነገር ግን ትንሽነት ብቻውን የደኅንነት ዋስትና አይሆንም። በአፈር ውስጥ የሚኖረው አትራክታስፒስ የተባለው ወገን ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ጭንቅላቱ ከአንገቱ የማይለይ፣ ሲያዩት ምንም የማያደርግ የሚመስል እባብ ነው። ሆኖም ረጃጅም የመርዝ ጥርሶቹን አፉን ሳይከፍት በጎን አውጥቶ ሊወጋ ይችላል። ሌሎችን እባቦች ከጭንቅላታቸው ኋላ ጨብጦ መያዝ የለመደ ሰው ይህን በዚያው መንገድ ቢይዘው ጣቱን ይወጋዋል። በአፍሪካ የሚሠራጩት የተለመዱ የእባብ መርዝ ማርከሻዎችም ለዚህ ወገን አይሠሩም። ይህን እባብ የሚመስል ሌላ ትንሽ ጥቁር እባብ፣ ሊኮፊዲዮን፣ ደግሞ ለሰው ጉዳት የለውም። ሁለቱን በትክክል የሚለየው የቅርፊቶቻቸው አቀማመጥ ነው፤ ይህን ለማየት ደግሞ የሠለጠነ ዓይን ያስፈልጋል።

2. ገራምነት

ሁለተኛው መመዘኛ ከመጀመሪያው ይልቅ ያታልላል። እጅግ ጸጥ ብለው ከሚተኙት እባቦች መካከል እፉኝቶች ይገኛሉ። አድፍጠው የሚያድኑ በመሆናቸው ሰው እስኪረግጣቸው ድረስ ሳይንቀሳቀሱ ይቆያሉ። በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች ብቻ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1977 ለሳይንስ የተዋወቀው ቢቲስ ፓርቪዮኩላ የዚህ ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ከባሌ የሐረና ደን ሌላ ዝርያ፣ ቢቲስ ሐረና፣ ተገልጿል። ሁለቱም በመርዛማነታቸው ሊፈሩ የሚገባቸው ናቸው። እንግዲህ ዝም ያለ እባብ ሁሉ ገራም እንዳልሆነ ልብ እንበል።

በዚህ ረገድ አንድ የተስፋፋ አስተሳሰብ መታረም ይኖርበታል። የዓይኑ ብሌን እንደ ድመት ቀጥ ብሎ የቆመ እባብ መርዛም ነው፣ ብሌኑ ክብ የሆነው ግን መርዝ የለውም ይባላል። ይህ በአፍሪካ እባቦች ላይ አይሠራም። የኮብራና የማምባ ብሌን ክብ ነው፤ ሌሊት አዳሪ ከሚባሉት እፉኝቶች አንዱ የሆነው የካውዙስ ወገንም ብሌኑ ክብ ነው። በአንጻሩ ምንም መርዝ የሌለው የቤት እባብ ቀጥ ያለ ብሌን አለው፤ ምክንያቱም የብሌን ቅርጽ በዋነኛነት የሚያያዘው እንስሳው ከሚያድንበት ሰዓትና ስልት ጋር እንጂ ከመርዝ ጋር አይደለም። በመሆኑም ዝርያው በባለሙያ ሳይረጋገጥ እባብን በእጅ መንካት ፈጽሞ አይገባም።

3. ርካሽነት

እባብ በርካሽ ሊገኝ ይችላል፤ ወጪው የሚጀምረው እባቡ ከተገኘ በኋላ ነው። ይህን ለመረዳት መርዝ የሌላቸውንና ለሰው የማያሰጉትን ሦስት እጩዎች በሚበሉት እናነጻጽር።

የመጀመሪያው ዱቤሪያ፣ ማለትም ቀንድ አውጣ በሊታው እባብ ነው። ርዝመቱ ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን እርጥበት ባለበት ደጋና ወይናደጋ ይኖራል። ሰውን የመንከስ ልማድ የለውም፤ ሲደነግጥ እንደ ጥቅል ገመድ ይጠቀለላል። ቀንድ አውጣዎችን፣ በተለይም ዛጎል የሌላቸውን፣ የተዉትን ልጋግ ተከትሎ ያገኛቸዋል። በትንሽነትና በገራምነት የሚወዳደረው የለም፤ ምግቡም ፀረ ተባይ ካልተረጨበት የእንሰት ጓሮ በነጻ ይለቀማል። ችግሩ ሌላ ነገር አለመብላቱ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ጊዜ ቀንድ አውጣዎች ስለሚሸሸጉ እባቡ ይራባል። እንግዲህ ለጥቂት ሳምንታት ምልከታ እንጂ ለዓመታት እንክብካቤ አይሆንም።

ሁለተኛው ዳሲፔልቲስ፣ ማለትም እንቁላል በሊታው እባብ ነው። ጥርሶቹ እጅግ ጥቃቅን ስለሆኑ ቢነክስም አይጎዳም። እንቁላሉን ሙሉውን ይውጥና ከአንገቱ አከርካሪ ወደ ውስጥ በወጡ የአጥንት ሹሎች ይሰብረዋል፤ ፈሳሹን ውጦም ቅርፊቱን ይተፋዋል። ለትምህርት እንዲህ ያለ ድንቅ እንስሳ ጥቂት ነው። ዶሮ በየቤቱ ባለበት አገር ምግቡ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ የዶሮ እንቁላል ለመዋጥ አይችሉም። የሚያስፈልጋቸው የትናንሽ ወፎች እንቁላል ነው። ለአንድ እባብ ሲባል የወፍ ጎጆ መዝረፍ ደግሞ ለሳይንስ ክበብ የሚገባ ሥራ አይደለም። በተጨማሪም የካውዙስን እፉኝት መልክ ስለሚመስል ስሕተቱ አደገኛ ነው።

ሦስተኛው ቦኤዶን፣ ማለትም ቡናማው የቤት እባብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች። ቅርፊቱ ለስላሳና አንጸባራቂ ሲሆን በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ ከአፍንጫው ተነስቶ በዓይኑ በኩል የሚያልፍ ፈዛዛ መስመር ይታያል። ሌሊት ይንቀሳቀሳል፤ አይጥና እንሽላሊት ጠምጥሞ ይገድላል። መጀመሪያ ላይ ሊነክስ ይችላል፤ ንክሻው ግን ከመጫር አያልፍም፤ ቀስ በቀስም እጅን ይለምዳል። ከሦስቱ ዓመቱን ሙሉ ሊመገብ የሚችለው ይህ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም አይጥ በቤት ሊራባ ይችላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ጎልማሳ የቤት እባብ በየ10 ቀኑ 20 ግራም የምትመዝን አንዲት አይጥ ቢበላ በዓመት 36 አይጦች፣ በክብደት 720 ግራም ብቻ ይበቃዋል። እባብ የሰውነቱን ሙቀት ከአካባቢው ስለሚያገኝ ሙቀት ለማመንጨት ምግብ አያቃጥልም፤ የኃይል ፍጆታው በክብደት ከሚስተካከለው አጥቢ እንስሳ ከአሥር እጅ አንዱ ገደማ ነው። አይጦቹ ግን እንዲህ አይደሉም። ለማራባት አንድ ወንድና ሁለት ሴት ይዘን፣ ከልጆቻቸው ጋር በአማካይ 15 አይጦች ቢኖሩና እያንዳንዳቸው በቀን 4 ግራም እህል ቢበሉ፣ በዓመት ወደ 22 ኪሎ ግራም እህል ይፈጃሉ። ስለዚህ በጀት የሚያዘው ለእባቡ ሳይሆን ለአይጦቹ ነው። ከጎተራ የተያዘች አይጥ ወጪውን ታስቀር ይሆናል፤ የአይጥ መርዝ በልታ ከሆነ ግን እባቡንም ትገድለዋለች።

ማደሪያና ሙቀት

ለቤት እባብ 80 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጣውላ ሳጥን በቂ ነው። ከፊቱ መስተዋት፣ ከላዩ ጠንካራ ወንፊት ሽቦና በደንብ የሚገጥም መክደኛ ይደረግለታል፤ እባብ ጭንቅላቱ ባለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ይወጣልና። ወለሉ ላይ አሮጌ ጋዜጣ ይነጠፍ፤ በሁለቱ ጫፎች መሸሸጊያ የሚሆኑ የሸክላ ስባሪዎች፣ በመካከል የውኃ ሳሕን ይቀመጡ።

የጨለለቅቱ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ እባብ ደግሞ የበላውን ለመፍጨት ሙቀት ይፈልጋል። በአንዱ ጫፍ ከ28 እስከ 30፣ በሌላው ከ22 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ከወንፊቱ ውጭ አምፖል ይደረጋል፤ በውስጥ ከተደረገ እባቡ ተጠምጥሞበት ይቃጠላል። ሙቀቱ በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር ይለካ። ከበላ በኋላ ከበረደው ምግቡ በሆዱ ይበሰብሳል ወይም ይተፋዋል። ስለሆነም መብራት በሚቋረጥባቸው ቀናት አለመመገብ፣ በልቶ ከሆነም ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ከሳጥኑ ዳር ማስቀመጥ ይገባል። ከበላ እስከ 2 ቀን፣ እንዲሁም ቆዳውን ሊለውጥ ሲል ዓይኑ ደመና መስሎ በሚሰማያይበት ጊዜ በእጅ አይያዝ።

ሕግና ጤና

እባብ የዱር እንስሳ ነው። በ1999 ዓ.ም. በወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳትን መያዝና መጠቀም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ክበቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ። ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የቤት እባብ ይባል የነበረ አንድ የደጋ እባብ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝና ከሌሎቹ የተለየ መሆኑ ተረጋግጦ እ.ኤ.አ. በ2022 ቦፋ የተባለ የራሱ ወገን ተሰጥቶታል፤ ስሙም እባብ ማለት ከሆነው የኦሮምኛ ቃል የተወሰደ ነው። ባለማወቅ ከጓሮ የምንይዘው «ተራ» እባብ እንዲህ ያለ ብርቅዬ ሊሆን ይችላል።

ተሳቢ እንስሳት ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሳይታመሙ ይሸከማሉ። ስለዚህ እባቡን ወይም ሳጥኑን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትም አይንኩት። ማንነቱ ያልታወቀ እባብ ሰው ቢነድፍ የተነደፈውን አካል ሳያንቀሳቅሱ ሰውየውን በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል፤ ቁስሉን መብጣት፣ መምጠጥ ወይም በገመድ ማሰር ጉዳቱን ያብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ያስገባው ብዙ የገጠር ሰዎች ስለሚሞቱበትና አካለ ጎደሎ ስለሚሆኑበት ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ለጥያቄያችን መልስ እንስጥ። ክበቡ ፈቃድ ካገኘ፣ ዝርያውን የሚለይለት ባለሙያ ካለ፣ የአይጥ ማራቢያና የማያቋርጥ ሙቀት ማዘጋጀት ከቻለ የቤት እባብን ይምረጥ። በአግባቡ ከተያዘ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል ዛሬ 9ኛ ክፍል ያለው ተማሪ ከተመረቀ በኋላ ማን እንደሚረከበውም አስቀድሞ ይወሰን። ለአይጥም ለመብራትም በጀት ከሌለ፣ በፈቃድና በባለሙያ እየታገዙ በዝናቡ ወራት ቀንድ አውጣ በሊታውን ለጥቂት ሳምንታት ተመልክቶ፣ ከሌላ እንስሳ ጋር ሳያቀላቅሉ ወደ ተገኘበት ጓሮ መመለስ ይሻላል። ከእነዚህ አንዱንም ማሟላት ካልተቻለ እባቡ በቡናው ሥር ይቆይ፤ ለተማሪዎቹም የቅርፊት ሥዕልና የተገፈፈ ቆዳ ይበቃቸዋል።

ትንሽነት በዓይን ይታያል፤ ገራምነት በጥቂት ቀን ይለመዳል። ምን እንደሚበላ ሳናውቅ የመረጥነው እባብ ግን ሳጥን ውስጥ በረሃብ ያልቃል፤ ማን እንደሆነ ሳናውቅ የያዝነው ደግሞ ተማሪን ይገድላል። ስለዚህ መምህሩ እባቡን ከመያዙ በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች በክፍል ሰሌዳው ላይ ይጻፋቸው፦ ይህ እባብ ማን ነው? ዓመቱን ሙሉስ ምን እናበላዋለን? ለሁለቱም መልስ ሲገኝ ሳጥኑን መሥራት ይጀመራል።