ጀሶ ከተፈታ በኋላ ስላለው ሕክምና

ፊዚዮቴራፒ የሚባለው ሕክምና በብዙ ሰው ዘንድ «ማሸት» ተብሎ ይታወቃል። በሽተኛው ከሐኪም ወደዚህ ክፍል የተላከ እንደ ሆነ «ለመታሸት ነው» ብሎ ይሄዳል፤ «ወጌሻ ቢያሸኝ ይበቃኛል» ብሎ የሚቀርም አለ። ማሸት ግን ከዚህ ሕክምና አንዱ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ዋናው ሥራ በስብራት፣ በሽባነት፣ በቃጠሎ ወይም በቀዶ ሕክምና ምክንያት ሥራውን የተወ አካል ወደ ሥራው እንዲመለስ በልክና በሥርዓት ማንቀሳቀስ፣ ባለቤቱንም ማስተማር ነው።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ለመረዳት የጡንቻን ጠባይ ማወቅ ይበቃል። ጡንቻ ሥራ ከፈታ ይመነምናል። የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጡንቻው ኀይል በየቀኑ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ያጣል። መጋጠሚያውን የሚሸፍነው ሽፋንም ይኮማተራል፤ ካልተገላበጠ ደግሞ ጀርባውና ዳሌው ይቆስላል። እኛ ግን በሽተኛን የምንወድበት መንገድ ሌላ ነው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ኧረ ተኛ! በሞቴ አትነሣ!» ይባላል፤ እጁ በመዳን ላይ ያለውን ሰው ሁሉም በየተራ ያጎርሰዋል። ፍቅሩ ደግ ነው፤ ያ እጅ ግን አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳያነሣ ይመሻል።

በሰፈራችን አንድ ግንበኛ አሉ። ከመሰላል ወድቀው ጭናቸው ተሰበረ፤ አጥንቱም ደኅና ሆኖ ገጠመ። ጀሶው በተፈታ ቀን «ድነዋል» ተብለው ተሰናበቱ እንጂ፣ ጉልበትዎን እንዲህ እያደረጉ ያለማምዱ ያላቸው ሰው አልነበረም። ከብዙ ወራት በኋላ በሌላ ቦታ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጉልበታቸውን ጎኒዮሜትር በሚባለው የማዕዘን መለኪያ (በጂኦሜትሪ ክፍል የምንይዘው ፕሮትራክተር ሁለት ክንድ ያወጣ እንደ ሆነ እሱን ይመስላል) ብትለካው የሚታጠፈው 70 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሜዳ ላይ ለመራመድ 60 ዲግሪ ያህል ይበቃል። ከወንበር ለመነሣት 90 ዲግሪ ገደማ፣ ቁጢጥ ለማለት ግን ከ120 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። ስለዚህ እኒህ ሰው በመንገድ ሲሄዱ ላያቸው ጤነኛ ናቸው፤ ቁጢጥ ብለው የግንቡን የመጀመሪያ ረድፍ መደርደር ግን አይችሉም። ዛሬ ሌላ ሰው የገነባውን ግቢ በዘበኝነት ይጠብቃሉ።

እንግዲህ የዚህ ሕክምና ጥራት በቀጠሮው ብዛት አይመዘንም። ጥሩ ባለሙያ አስቀድሞ ይለካል፤ «ሥራዎ ምንድን ነው? ቤትዎ ደረጃ አለው? መጸዳጃው የሚቀመጡበት ነው ወይስ ቁጢጥ የሚሉበት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልሶ ይለካል፤ ለውጥ ካጣም መንገዱን ይለውጣል። በሽተኛውን ከሚያሞቅ መብራት ሥር አስተኝቶ፣ ሰዓቱ ሲሞላ «ነገ ይምጡ» ብሎ መስደድ ብቻውን ሕክምና ነው ለማለት ያስቸግራል።

ብዙ ማንቀሳቀስ ሁልጊዜ ይሻላል ማለትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው «አቨርት» የተባለው ጥናት በ5 አገሮች፣ በ56 ሐኪም ቤቶች፣ 2,104 የስትሮክ በሽተኞችን ተከታትሏል። በ24 ሰዓት ውስጥ ከአልጋ ተነሥተው፣ ደጋግመውና ረዘም ላለ ጊዜ እንዲንቀሳቀሱ ከተደረጉት መካከል ከሦስት ወር በኋላ በደኅና ሁኔታ የተገኙት ከመቶ 46 ሲሆኑ፣ በተለመደው ልክ ከታከሙት ግን ከመቶ 50 ነበሩ። መድኃኒት ልክ እንዳለው ሁሉ እንቅስቃሴም ልክ አለው።

የሙያው ረቂቅነት ይልቁን የሚታየው በሥጋ ደዌ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት በአዲስ አበባ የተቋቋመው ይህን በሽታ ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ነበር። በሽታው የእግርን ነርቭ ሲጎዳ የእግሩ ጫፍ ወደ ታች ይንጠለጠላል። በዚህ ጊዜ ቀዶ ሐኪሙ እግርን ወደ ውስጥ የሚያዞረውን ጤነኛ ጅማት ከቦታው አንሥቶ ወደ ፊት ይተክለዋል። ጅማቱ ቦታውን ለወጠ፤ አንጎል ግን ገና አልሰማም! በሽተኛው እግሩን ቀና ለማድረግ ቢያስብ እግሩ አይታዘዝም፤ «ወደ ውስጥ አዙር» ሲባል ግን የእግሩ ጫፍ ብድግ ይላል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያን ጡንቻ ለይቶ ያጠነክራል፤ ከዚያም በኋላ ለሳምንታት አዲሱን ሥራ ያስተምረዋል። ያለዚህ ትምህርት ቢላዋው የሠራው ግማሹን ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ በተሐድሶ ሕክምና ሊጠቀም የሚችለው ሰው በዓለም 2.4 ቢሊዮን ያህል ነው። በአንዳንድ ድኻ አገሮች ግን ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች ከግማሽ የሚበልጡት አያገኙትም። በእኛም አገር ጎንደር ዩኒቨርሲቲን በመሰሉ ትምህርት ቤቶች ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ፤ ነገር ግን የሚበዙት በከተማ ነው። ከገጠር በቅሎ ወይም አውቶቡስ ይዞ የመጣን ገበሬ በሳምንት ሦስት ጊዜ ተመለስ ማለት አትምጣ ከማለት አይለይም። ለእንዲህ ያለው በሽተኛ የሚበጀው፣ እንቅስቃሴው በወረቀት ተሥሎ እንዲሰጠው፣ ከመሄዱም በፊት ራሱ በባለሙያው ፊት ሠርቶ እንዲያሳይ፣ አብሮት የመጣውም ዘመድ አብሮ እንዲማር ማድረግ ነው። ቍጥሩን መጻፍ የማይችል ቢሆን፣ ጉልበቱን ባጠፈና በዘረጋ ቁጥር በቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል አንዳንድ መስመር ማስመር ይችላል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮም ዘመዱ ቈጥሮ ይነግረዋል።