የጃፓን እሽግ እንዴት ይጠናል?

ለዲዛይን ተማሪዎች የሚዘጋጅ የውጭ አገር የጥናት ቆይታ ብዙ ጊዜ አጭር ነው፤ ጥቂት ሳምንት፣ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር። የእሽግ ዲዛይን ሊማር ጃፓን የገባ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በሱቅ መደርደሪያ ፊት ፎቶ ሲያነሳ ይፈጃቸዋል። ቀለሙ ያምራል፣ ወረቀቱ ያምራል፣ ፊደሉ ያምራል። ፎቶው ግን ዋናውን ነገር አይይዘውም። የጃፓን እሽግ ሠሪዎች አብዝተው የሚያስቡት ዕቃውን ስለሚከፍተው እጅ ነው፤ የት እንደሚይዝ፣ በየት በኩል እንደሚቀድ፣ ከቀደደ በኋላ ቁራጩን የት እንደሚጥል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህን ነው፦ ግዙ፣ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ የከፈታችሁትን መልሳችሁ እጠፉ። ከካሜራው ይልቅ ማስመሪያና የንድፍ ደብተር ይጠቅማችኋል።

(እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከኦኒጊሪ ጀምሩ

በጃፓን በየሰፈሩ ባሉት ትናንሽ ሱቆች ኦኒጊሪ አይጠፋም። በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተጠቀጠቀ ሩዝ ነው፤ መሐሉ ላይ ዓሣ ወይም ሌላ ማባያ ይከተትበትና ኖሪ በሚባል ስስ የደረቀ የባሕር አረም ይጠቀለላል። ችግሩ ሩዙ እርጥብ፣ ኖሪው ደረቅ መሆኑ ነው። ጠዋት ተጠቅልሎ ምሳ ሰዓት ድረስ ከቆየ ኖሪው ርሶ ይልፈሰፈሳል። ሰቨን ኢለቨን ጃፓን በ1978 ኖሪውን ከሩዙ ለይቶ በሚያቆይ ላስቲክ የታሸገ ኦኒጊሪ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው አከፋፈት ከዚያ ወዲህ እየተሻሻለ የመጣ ነው።

አንዱን ገዝታችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አናቱ ላይ 1 ተጽፏል። እዚያ ያለችውን ቀጭን መቅደጃ ይዛችሁ ወደ ታች ስትስቡ ላስቲኩ ከፊት ለሁለት ይተረተራል፤ መቅደጃዋም በሥር ዞራ በጀርባ በኩል ትወጣለች። በአንዱ የጎን ማዕዘን 2፣ በሌላው 3 አለ። 2ን ይዛችሁ ወደ ጎን ስትጎትቱ የላስቲኩ ግማሽ ሾልኮ ይወጣል፤ ሲወጣም በሁለት የላስቲክ ንጣፎች መካከል የነበረውን ኖሪ ሩዙ ላይ ትቶት ይሄዳል። 3 በሌላው ጎን ያንኑ ይደግማል። ጣታችሁ ሩዙን ሳይነካ፣ ኖሪውም ሳይርስ፣ ምግቡ ተጠቅልሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ከበላችሁ በኋላ ላስቲኩን አትጣሉት። ዘርግታችሁ መርምሩት። ኖሪው የነበረበት ኪስ የት ላይ ተጣብቋል? የት ላይ ክፍት ተትቷል? ሁለቱ ንጣፎች መሐል ላይ ምን ያህል ይደራረባሉ? መቅደጃዋ ለምን እስከ ጀርባ ትሄዳለች? ፊት ላይ ብትቆም ኖሮ ቀኝና ግራው ስለማይለያዩ 2 እና 3 ከንቱ ይሆኑ ነበር። ይህን እሽግ በስስ ወረቀት መልሶ መሥራት ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው፤ ተማሪው ግን ከብዙ ንግግር ይልቅ ከዚህ ይማራል።

ይህ መንገድ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ታኩ ሳቶ የተባለው ዲዛይነር፣ የሎቴ ዚሊቶል ማስቲካን (1997) እና የሜጂ «ኦይሺ ግዩንዩ» ወተትን ካርቶን (2001) የነደፈው ሰው፣ «የዲዛይን ቀዶ ምርመራ» ሊባል የሚችል ተከታታይ ሥራ አለው። አንድን ተራ ዕቃ ወስዶ ሐኪም አካልን እንደሚመረምር ከላይኛው ልባስ እስከ ውስጠኛው ይዘት ንጣፍ በንጣፍ ይገልጠዋል፤ ፊደሉን፣ ቀለሙን፣ ክዳኑን፣ ጣዕሙን ሳይቀር። በ2016 በቶኪዮ ይህንኑ ሥራ በትልቅ ኤግዚቢሽን አሳይቶ ነበር።

ከ1961 ወዲህ ያልተለወጠ ጠርሙስ

ቀይ ክዳን ያለውን የኪኮማን የአኩሪ አተር ሶስ ጠርሙስ ብዙዎቻችሁ ሬስቶራንት ጠረጴዛ ላይ አይታችሁታል። የነደፈው ኬንጂ ኤኩዋን ነው። የቤተሰቡ አገር ሂሮሺማ ስትሆን፣ በ1945 በወደቀው አቶሚክ ቦምብ ምክንያት አባቱንና እኅቱን አጥቷል። የዕቃ ሠሪነት ፍላጎቱ ያደረበት ያችን ባዶ የቀረች ከተማ ካየ በኋላ እንደሆነ ይናገር ነበር።

ቀድሞ ሶሱ ቤት የሚገባው 1.8 ሊትር በሚይዝ ትልቅ ጠርሙስ ነበር። ኤኩዋን ልጅ ሳለ እናቱ ያን ከባድ ጠርሙስ ደፍታ ወደ ትንሹ የገበታ ዕቃ ስትገለብጥ ስትቸገር ያይ ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ ሠርቶ፣ ከ100 በላይ ናሙናዎችን ሞክሮ፣ በ1961 የወጣው ጠርሙስ ችግሩን በትናንሽ ውሳኔዎች ፈታው። ግርጌው ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ አይወድቅም። አንገቱ ቀጭን ስለሆነ በሁለት ጣት ይያዛል። መስታወቱ ምን ያህል እንደቀረ ያሳያል። ክዳኑ ላይ ትይዩ የሆኑ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ በአንዱ ሶሱ ሲወርድ በሌላው አየር ይገባል።

አሁን የሚቀዳበትን አፍ ከጎን ተመልከቱት። የሻይ ማንቆርቆሪያ አፍ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ የመጨረሻዋ ጠብታም በዚያ በኩል ተንሸራታ ገበታ ጨርቁን ታቆሽሻለች። የዚህኛው የታችኛው ከንፈር ወደ ውስጥ ተቆርጧል። ጠርሙሱ ቀና ሲል ጠብታዋ ወደ ውስጥ ትመለሳለች። ሥራው ሁሉ ያረፈው ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ነው። እኔ የእሽግ ዲዛይን ፈተና ባወጣ ይህችን ከንፈር ከትዝታ ሳሉ እል ነበር።

የማያይ ሰው እጅ

ፀጉሩን የሚታጠብ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። ማየት የተሳነው ደግሞ ዓይኑን ቢገልጥም ሻምፖውንና ኮንዲሽነሩን አይለይም፤ ጠርሙሶቹ አንድ ዓይነት ናቸውና። ካኦ የተባለው ኩባንያ በ1991 በሻምፖ ጠርሙስ ጎን ላይ በጣት የሚዳሰሱ ተደራራቢ ጭረቶችን አወጣ፤ ኮንዲሽነሩን ልሙጥ ተወው። ከዚያ ያደረገው ነገር ከጭረቶቹ ይበልጥ ያስደንቀኛል፦ ሐሳቡን ለራሱ ብቻ ከማስቀረት ይልቅ ሌሎች አምራቾችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። አንዱ ኩባንያ ብቻ ቢያደርገው ምልክቱ ምልክት አይሆንም ነበር። ዛሬ የአብዛኞቹን ኩባንያዎች ሻምፖ በጃፓን ብትገዙ ጭረቱን ታገኙታላችሁ።

የወተት ካርቶን አናት ላይ ያለችው ግማሽ ክብ ስንጥቅም እንዲሁ ናት። ንጹሕ ወተትን ከጭማቂና ከሌሎች የወተት መጠጦች ለመለየት ታገለግላለች፤ የምትገኘውም ከመክፈቻው ተቃራኒ ጎን ስለሆነ ካርቶኑ በየት በኩል እንደሚከፈት ጭምር ለጣት ትናገራለች። የቢራ ጣሳ ክዳን ላይ ደግሞ መጠጡ አልኮል መሆኑን የሚገልጽ ብሬል አለ። ተማሪ ጃፓን በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ዓይኑን ጨፍኖ ዕቃ ቢለይ መልካም ነው።

ገለባ፣ ቅጠል፣ ጨርቅ

የጃፓንን የጥንት አስተሻሸግ ለዓለም ያሳወቀው ሂዴዩኪ ኦካ ነው። ፕላስቲክ አገሩን ሲያጥለቀልቀው አይቶ የገጠሩን ጥበብ መሰብሰብ ያዘ። በ1967 በእንግሊዝኛ የታተመው መጽሐፉ ስሙን ያገኘው አምስት እንቁላል እንዴት እንደሚጠቀለል ከሚያሳይ ሥራ ነው። የያማጋታ ገበሬዎች እንቁላሎቹን በአንድ መስመር ደርድረው በሩዝ ገለባ ያስሯቸዋል። በእያንዳንዱ እንቁላል መካከል ያለው ቋጠሮ አንዱ ከሌላው እንዳይጋጭ ይከላከላል፤ እንቁላሎቹም በገለባው መካከል ይታያሉ። ገዢው ትኩስነታቸውን አይቶ፣ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ኦካ የሰበሰባቸው ዕቃዎች ዛሬ በቶኪዮ የሜጉሮ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛሉ።

ናራ ውስጥ ሱሺ በካኪ ዛፍ ቅጠል ይጠቀለላል፤ የሩዝ ኬክ በቀርከሃ ቅጠል ይታሸጋል። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ድፎ ዳቦ እየበላ ያደገ የአገራችን ተማሪ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ቅጠሉ እርጥበት ይይዛል፣ መዓዛውን ይሰጣል፣ ሥራውን ሲጨርስ ወደ አፈር ይመለሳል።

ፉሮሺኪ የሚባለው አራት ማዕዘን ጨርቅ ከሁሉም በላይ ሊለመድ ይገባዋል። አንድ ጨርቅ እንደ አስተሳሰሩ የመጽሐፍ መያዣ፣ የጠርሙስ መጠቅለያ ወይም የገበያ ቦርሳ ይሆናል። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት ዩሪኮ ኮይኬ በ2006 ሕዝቡ ወደ ፌስታል ከመሮጥ ወደዚህ ጨርቅ እንዲመለስ ዘመቻ አድርገው ነበር። ሁለት ሦስት አስተሳሰር በእጅ እስኪገባ መለማመድ አንድ ከሰዓት በኋላ አይፈጅም።

የስጦታው ሥርዓት

በትልልቅ መደብሮች ምድር ቤት ውስጥ ጣፋጭ ገዝታችሁ ስጦታ ነው ብትሉ፣ ሻጯ ሣጥኑን ወረቀቱ ላይ በሰያፍ አስቀምጣ እያገላበጠች በጥቂት እንቅስቃሴ ትጠቀልለዋለች። ፕላስተር የምትጠቀመው አንዲት ቁራጭ ነው። የእጆቿን ቅደም ተከተል በደብተራችሁ ሳሉ። ለደስታና ለሐዘን የወረቀቱ አቅጣጫ ተቃራኒ እንደሆነም ጠይቋት። ከላይ የሚታሰረው ገመድ ሚዙሂኪ የራሱ ሕግ አለው። ልጅ ለተወለደላቸው የሚታሰረው በቀላሉ ተፈቶ እንደገና የሚታሰር ነው፤ ደስታው ይደገም ማለት ነውና። ለሠርግ ግን የማይፈታ ቋጠሮ ይደረጋል። ይህን ያላወቀ ዲዛይነር ያማረ ነገር ሠርቶ ሙሽሮችን ያስቀይማል።

የሚትሱኮሺ መደብር መጠቅለያ ወረቀት ታሪክም ደስ ይላል። በ1950 የነደፈው ሠዓሊው ጌንኢቺሮ ኢኖኩማ ነው፤ ቀያዮቹን ቅርጾች ያገኘው በቾሺ የባሕር ዳርቻ ማዕበል ካለሰለሳቸው ድንጋዮች ነበር። የመደብሩን ስም በእጁ የጻፈበት በዚያን ጊዜ የመደብሩ ሠራተኛ የነበረው ታካሺ ያናሴ ነው፤ በኋላ አንፓንማን በተሰኘው የልጆች ሥዕላዊ ገጸ ባሕርይ አገር ያወቀው ሰው።

የሚያሳዝነው ጎን

መምህራን ጃፓንን ሲያደንቁ ይህን ይዘሉታል፤ መዝለል ግን አይገባም። አንድ ብስኩት በላስቲክ፣ ላስቲኮቹ በፕላስቲክ ትሪ፣ ትሪው በካርቶን፣ ካርቶኑ በወረቀት፣ ሁሉም በከረጢት ይገባል። ምክንያቱ አይጠፋም፤ የበጋው አየር እርጥብ ነው፣ ከጉዞ የመጣ ስጦታም ለሥራ ባልደረባ አንድ አንድ ተደርጎ ይታደላል። ቆሻሻው ግን ቆሻሻ ነው። የማሸጊያ መልሶ መጠቀም ሕግ በ1995 ወጥቶ በ2000 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ውሏል፤ ከሐምሌ 2020 ጀምሮ ደግሞ ፌስታል በነጻ አይሰጥም። ኔስሌ ጃፓን በ2019 የኪትካትን የውጭ ከረጢት ወደ ወረቀት ቀይሯል።

ለተማሪው የሚጠቅመው ካርቶኑ ጀርባ ላይ ያለው ትንሽ ምልክት ነው፤ የውጭው ሣጥን ወረቀት፣ የውስጡ መጠቅለያ ፕላስቲክ መሆኑን ለየብቻው ይናገራል። ሰዉ ቤቱ ለያይቶ ስለሚጥል ዲዛይነሩ ሁለቱን ዕቃ በቀላሉ እንዲላቀቁ አድርጎ መንደፍ አለበት። እኔ ከማንኛውም ጌጥ በፊት ይህን እንዲማሩ እፈልጋለሁ።

የት ይኬዳል?

ቶኪዮ ላይ ጊዜ ካላችሁ የኅትመት ሙዚየምን እዩ፤ የዘመኑን የጃፓን እሽግ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል። ካንዳ የሚገኘው የታኬዮ የወረቀት ናሙና ሱቅ ውስጥ ወረቀት በቀለሙና በክብደቱ ተደርድሮ ይዳሰሳል። ሮፖንጊ ያለው 21_21 ዲዛይን ሳይት በ2007 የተከፈተ ነው። ለሙሉ ትምህርት የሙሳሺኖና የታማ የሥነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲዎች ስመ ጥር ናቸው፤ ትምህርቱ በአብዛኛው በጃፓንኛ ስለሆነ ቋንቋውን አስቀድሞ መጀመር ግድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ተማሪዎች ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ከ1982 ጀምሮ ቶኪዮ ላይ ካምፓስ እንዳለው እወቁ። ከኢትዮጵያ የሚያመለክት ደግሞ በአዲስ አበባ የጃፓን ኤምባሲ በኩል የሚወጣውን የጃፓን መንግሥት (ሜክስት) ስኮላርሺፕ ይከታተል።

ለማመልከቻው የሚሠራ ሥራ

ቡና እሸጉ። ጃፓን የቡናችን የቆየች ገዢ ናት፤ እሽግ ምን ያህል ዋጋ እንዳለውም ያሳየችን እርሷ ናት። በ2008 ተቆጣጣሪዎቿ ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው ያለፈ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኙ፤ ወደዚያ የሚሄደው ቡናም በእጅጉ ቀነሰ። በእኛ በኩል ጥርጣሬው ያረፈው ቡናው የተሞላበት ጆንያ ላይ ነበር።

የተቆላ ቡና ጋዝ ይተፋል፤ ስለዚህ ከረጢቱ ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባ ቫልቭ ያስፈልገዋል። ብርሃንና እርጥበትም ጠላቶቹ ናቸው። ለ250 ግራም የሚሆን ከረጢት ንደፉ። የተዘረጋውን ንድፍ በሚሊ ሜትር ለክታችሁ አስገቡ፤ በየት በኩል እንደሚቀደድ፣ ከተከፈተ በኋላ እንዴት እንደሚዘጋ፣ የየትኛው ክፍል ቁስ ምን እንደሆነ ጻፉበት። ከዚያ ንድፉን ለማያውቅ ሰው ናሙናውን ያለ ምንም ማብራሪያ ስጡት፣ ሲከፍት እጆቹን ብቻ በቪዲዮ ቅረጹ፣ የተደናገረበትን ቦታ አርማችሁ ሁለተኛውን ናሙና ሥሩ፤ ሁለቱንም ናሙናዎች ከቪዲዮው ጋር ላኩ።