ርኅራኄና ልክ

ሕመምተኛን ማስታመም ትልቅ ሥራ ነው። ሰው ሁሉ በዘመኑ አንድ ቀን ይታመማል፤ ወይም የታመመ ወገኑን ያስታምማል። ስለዚህ ይህ ዕውቀት ለሐኪምና ለነርስ ብቻ የተተወ አይደለም፤ በየቤቱ ያለ ሰው ሁሉ ሊማረው ይገባል።

ብዙ ሰዎች ለማስታመም ርኅራኄ ብቻ የሚበቃ ይመስላቸዋል። በእውነት ርኅራኄ የሌለው ሰው አስታማሚ ሊሆን አይችልም። ነገር ግን ርኅራኄ ልክን ካላወቀ የሚወደውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ልክን ማወቅ ማለት ለሕመምተኛው ምን እንደ ተሰጠው፤ ስንት እንደ ተሰጠው፤ መቼ እንደ ተሰጠው፤ ከሰውነቱም ምን እንደ ወጣ ነቅቶ መጠበቅ ነው።

፩ኛ፤ በሰውነት ውስጥ ስላለው ውሃ

የሰው አካል ከግማሽ የሚበልጠው ውሃ ነው። በሕፃን አካል ደግሞ ከትልቅ ሰው ይልቅ ውሃ ይበዛል። ደም የሚዘዋወረው፤ ኩላሊትም ቆሻሻን ከደም አጣርቶ የሚያወጣው በውሃ ነው። ይህ ውሃ በመብልና በመጠጥ ይገባል፤ በሽንት፤ በላብ፤ በትንፋሽና በዓይነ ምድር ይወጣል። ጤነኛ ሰው ሲጠማው ይጠጣል፤ የተረፈውንም ኩላሊቱ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ማንም ሳይቆጥረው የገባውና የወጣው ይተካከላል። በሽታ ሲመጣ ግን ይህ ሚዛን ይናጋል።

ተቅማጥና ትውከት የያዘው ልጅ እንደሚያፈስ እንስራ ነው። አንዳንድ ሰዎች ሆዱ እንዲያርፍ ብለው ውሃውንም ወተቱንም ይከለክሉታል። ይህን የሚያደርጉት ስለሚወዱት ነው፤ ነገር ግን ጠላት ከሚያደርገው የማይሻል ነገር ይሆናል። የሚያፈስ እንስራ ውሃ ስላልተጨመረበት ማፍሰሱን አይተውም፤ ቶሎ ባዶ ይሆናል እንጂ። ልጁንም ብዙ ጊዜ የሚገድለው ተቅማጡ ራሱ ሳይሆን የውሃውና የጨው ማለቅ ነው።

ነቅቶ የሚያይ አስታማሚ ይህን አደጋ በምልክቱ ያውቀዋል። የልጁ ዓይን ይሰረጉዳል፤ አፉና ምላሱ ይደርቃል፤ ሲያለቅስ እንባ አይወጣውም፤ ሽንቱም ይቀንሳል። የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ቶሎ አይመለስም። ልጁ መጠጣት ካቃተው፤ ወይም ፈዝዞ ከተኛና ሲጠሩት ካልነቃ፤ ወይም በዓይነ ምድሩ ደም ከታየ፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።

የዚህ በሽታ ዋና መድኃኒት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ዱቄት ነው፤ በጤና ጣቢያና በጤና ኬላ ይገኛል። በውስጡ ጨውና ስኳር አለበት፤ ስኳሩ ጨውንና ውሃውን ከአንጀት ወደ ደም ያስገባል። ዱቄቱ በታዘዘው ልክ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ዱቄቱ በማይገኝበት ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይጨመራል፤ ማንኪያውም ሳይከመር ከጠርዙ ጋር የተስተካከለ ይሁን። እዚህ ላይ ልክ ማለት ሕይወት ማለት ነው። የስኳሩና የጨው ልክ ቢለዋወጥ፤ ወይም ጨው ቢበዛ፤ መድኃኒቱ መርዝ ይሆናል። የተበጠበጠውን አስቀድሞ መቅመስ ይገባል፤ ከእንባ ይልቅ ጨው ጨው የሚል ከሆነ ይደፋ።

ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ባስቀመጠው ቍጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር ያህል በማንኪያ ይሰጠዋል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ልጅም ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ቀስ እያሉ እንደገና መስጠት ነው። የእናት ጡትና ምግብም አይቋረጥ። ጤና ጣቢያ ደግሞ የዚንክ እንክብል ይሰጣል፤ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘው ቀን እስኪፈጸም ድረስ ይወሰዳል።

፪ኛ፤ በቦንጋዎን ስለ ሆነው ነገር

የዚህ ቀላል መጠጥ ኃይል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. በግልጽ ታየ። በዚያ ዓመት በምሥራቅ ፓኪስታን፤ በኋላ ባንግላዴሽ በተባለው አገር፤ ጦርነት ስለ ተነሣ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወደ ሕንድ ተሰደደ። በድንበሩ አጠገብ ባለችው በቦንጋዎን ከተማ በስደተኞቹ መካከል ኮሌራ ገባ። ሕመምተኞቹ በሆስፒታሉ ወለል ላይ ተደርድረው ተኝተው ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም ሊያልቅ ተቃረበ።

በዚያን ጊዜ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የሚባል ሕንዳዊ ሐኪም ጨው፤ ግሉኮስና ሶዳ በልክ እየተመዘነ በከረጢት እንዲታሸግ አደረገ። ይህም በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በትልልቅ በርሜል ተቀመጠ። አስታማሚዎች ለሁሉ የማይበቁ ስለ ነበሩ፤ እናቶችና እኅቶች ወንድሞችም በኩባያ እየቀዱ የገዛ ወገናቸውን አጠጡ። አስቀድሞ ከ100 ሕመምተኞች 30 ያህል ይሞቱ ነበር፤ ይህ መጠጥ በተሰጠበት ስፍራ ግን ከ100 የሞቱት 4 እንኳ አልሞሉም። እነዚያ ቤተ ሰቦች የሕክምና ትምህርት አልነበራቸውም፤ ነገር ግን በልክ የተሰናዳ መጠጥ ነበራቸው፤ ከሕመምተኛው አጠገብም አልተለዩም።

፫ኛ፤ የገባውንና የወጣውን ስለ መቍጠር

ለአንዱ የሚጠቅም ለሌላው ይጎዳል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው ውሃ ሲበዛበት እግሩ ያብጣል፤ ውሃውም ወደ ሳንባው ገብቶ ትንፋሹን ያስጨንቀዋል። ስለዚህ በሆስፒታል ያለች ነርስ የገባውንና የወጣውን ሁሉ ትጽፋለች። ለምሳሌ አንድ ሕመምተኛ በአንድ ቀንና ሌሊት 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ብርጭቆ 5 ጊዜ ጠጣ፤ 300 ሚሊ ሊትር ሾርባም ወሰደ፤ 1000 ሚሊ ሊትር ደግሞ በደም ሥሩ ተሰጠው፤ ድምሩ 2300 ነው። ሽንቱ 1100፤ ትውከቱ 400 ሆነ፤ ድምሩ 1500 ነው። ልዩነቱ 800 ሚሊ ሊትር ነው። በላብና በትንፋሽ የሚወጣው ግን ሊሰፈር አይችልም፤ ስለዚህ ነርሷ በአንድ ቀን ቍጥር ብቻ አትፈርድም። ሕመምተኛውን በየማለዳው በአንድ ሚዛን ትመዝነዋለች። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ይመዝናል፤ እንግዲህ ክብደቱ በሁለት ቀን 2 ኪሎ ቢጨምር የተጨመረው ሥጋ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ይህንንም ፈጥና ለሐኪም ትነግራለች።

፬ኛ፤ መድኃኒትን ስለ መስጠት

መድኃኒት ከመስጠት በፊት ጥንቁቅ አስታማሚ አምስት ነገር ይጠይቃል። መድኃኒቱ የታዘዘለት ሰው ይህ ነውን? የታዘዘው መድኃኒት ይህ ነውን? ልኩ ስንት ነው? የሚሰጠው በአፍ ነው ወይስ በመርፌ ወይስ በሌላ መንገድ? ሰዓቱስ መቼ ነው? ስማቸውና መልካቸው የሚመሳሰል መድኃኒቶች ብዙ ናቸውና፤ በጨለማ ወይም በግምት መስጠት አይገባም። የሕመምተኛውንም ስም ከራሱ አፍ መስማት ይሻላል፤ «እገሌ ነህን?» ቢባል የደከመ ሰው ሳያስተውል «አዎን» ሊል ይችላል።

የቤት ማንኪያ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ የሚጠጣ መድኃኒት ከጠርሙሱ ጋር በተሰጠው መስፈሪያ ይሰፈር። ለትልቅ ሰው የታዘዘው ለሕፃን አይሰጥ፤ ለጎረቤት የታዘዘውም ለሌላ አይሁን። መድኃኒቱ እንደ ተሰጠ ወዲያው ይጻፍ፤ ሳይሰጥ አስቀድሞ አይጻፍ። ካልተጻፈ ሁለተኛው አስታማሚ ያልተሰጠ መስሎት ይደግመዋል፤ ሕመምተኛውም በእጥፉ ይጎዳል። መድኃኒትን ሁሉ ሕፃናት ከማይደርሱበት ስፍራ ማኖር፤ ሕመምተኛውን ከመንካት በፊትና በኋላም እጅን መታጠብ አይረሳ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን እውነት መናገር ነው። የተጠነቀቀ ሰውም አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታል። መድኃኒቱን አሳስቶ የሰጠ ሰው ቍጣን ፈርቶ ዝም ቢል፤ ሐኪሙ ሊረዳ በሚችልበት ሰዓት ሳይረዳ ይቀራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንደሚባለው፤ ስሕተቱን የደበቀ አስታማሚም ሕመምተኛውን መድኃኒት ያሳጣዋል። ወዲያው የተናገረ ሰው ለጊዜው ያፍራል፤ ነገር ግን ነፍስ ያድናል።

እንግዲህ መልካም አስታማሚ በእንባው ብዛት አይታወቅም። ሌሊት ተነሥቶ ማንኪያውን በብርሃን የሚያይ፤ የሰጠውን የሚጽፍ፤ ያየውን ሳይደብቅ የሚናገር፤ እርሱ በእውነት የሚወድ ሰው ነው።

ጥያቄ

1. ተቅማጥ ለያዘው ልጅ መጠጥ መከልከል ለምን ይጎዳዋል?
2. በ1 ሊትር ውሃ ስንት ማንኪያ ስኳርና ስንት ማንኪያ ጨው ይጨመራል? ልኩ ቢለዋወጥ ምን ይሆናል?
3. አንድ ሕመምተኛ 1700 ሚሊ ሊትር ቢጠጣ፤ 900 ሚሊ ሊትርም ቢሸና፤ ልዩነቱ ስንት ነው? በዚህ ቍጥር ውስጥ ያልተቈጠረው ምንድር ነው?
4. መድኃኒት ከመስጠት በፊት የሚጠየቁት አምስቱ ነገሮች ምንድር ናቸው?
5. ስሕተቱን ወዲያው የሚናገር አስታማሚ ለሕመምተኛው ምን ይጠቅመዋል?