የሳር ማጨጃ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ክረምቱ ሳይጋመስ በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚትና በሲኤምሲ ግቢዎች ሳሩ ጉልበት ይደርሳል። «ማሽን እንግዛ» የሚባለውም ያኔ ነው። ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይለዩ፤ ማሽኑን የሚገፋው ማነው? በእኛ ሰፈር አብዛኛውን ጊዜ ገዢው አንድ፣ ገፊው ሌላ ነው። ገፊው ዘበኛው ነው፤ አለዚያም በሳምንት አንዴ ብቅ የሚል አትክልተኛ። የማሽኑን መመሪያ የሚያሳየው የለም፤ ብዙ ጊዜም በነጠላ ጫማ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የእርሱን እግርና ጣት እያሰቡ ያንብቡት። ለማሽኑ ከፍሎ ለቡት ጫማና ለመከላከያ መነጽር የሚሰስት ሰው ማሽኑን ባይገዛው እመርጣለሁ።

በመጀመሪያ ሳርዎን ይለኩ። ግቢው 500 ካሬ ቢሆን እንኳ ቤቱ፣ ሰርቪሱ፣ የመኪና ማቆሚያውና ንጣፉ ሲነሳለት ለሳር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከ60 ወይም ከ70 ካሬ ለማይበልጥ ሳር ሞተር አያስፈልግም፤ ማጭድ ወይም በእጅ የሚገፋ ማጨጃ ይበቃል። እንግሊዛዊው ኤድዊን ባዲንግ እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠረው የመጀመሪያው ማጨጃም ተንከባላይ ስለት ያለው ነበር፤ ሳሩን እንደ መቀስ ይቆርጠዋል። ነዳጅ አይጠይቅም፣ መብራት ቢጠፋ አይቆምም። ጉድለቱ አንዴ የረዘመ ሳር አለመቻሉ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ በየሳምንቱ ካልተገፋ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ መሬቱን ይመርምሩ። የምሥራቅ አዲስ አበባ አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በራሰ ዋልካ ላይ ከባድ ማሽን ሲገፋ ጎማው ይሰምጣል፣ አፈሩ ይጠቀጠቅና የሳሩ ሥር ይታፈናል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ገፊውን ማዳለጡ ነው፤ የወደቀ ሰው እግር የሚሄደው ወደ ቢላው ነው። ስለዚህ ፀሐይ ሳሩን እስኪያጠነፍፈው ይጠብቁ፤ ዳገታማ ግቢ ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን አግድም ይገፋ።

ዋልካው ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአያትና በሰሚት በኩል በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ቤቶች ግቢ ውስጥ ሚስማር፣ የፌሮ ቁራጭ፣ የማሰሪያ ሽቦና ጠጠር አይጠፋም፤ ዝናቡም በየዓመቱ አዲስ ያወጣል። 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ቢላ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈጥናል። በዚህ ፍጥነት የተመታ ሚስማር ዓይን ያጠፋል። ከእያንዳንዱ አጨዳ በፊት ግቢውን በእግር ዞሮ መልቀም የሥራው አንድ ክፍል ነው፤ የሚከፈልበትም መሆን አለበት። ማሽኑ እስኪጠፋ ሕፃናት ቤት ውስጥ ይቆዩ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ 12 ዓመት ያልሞላው ልጅ ማጨጃ እንዳይገፋ ይመክራል።

የቤንዚን ማሽን ነው የሚያምርዎት? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኖች ከዚህ ሲነሱ ረጅም የሚንደረደሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የማጨጃ ሞተርም በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል። ካርቶኑ ላይ 5 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት እዚህ 4 አይሞላም፤ ስለዚህ ለረዘመ ሳር አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ይምረጡ። ካርብሬተሩም ለቆላ የተስተካከለ ከሆነ ከአየሩ ይልቅ ቤንዚን ያበዛል፤ ጥቁር ጭስና ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ ምልክቶቹ ናቸው። ብዙ አምራቾች ለከፍታ ቦታ የሚሆን ጂግለር ስላላቸው ሻጩን ይጠይቁት። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት በመኪና እንደመቅዳት ቀላል ስላልሆነ፣ የሚያስተናግድዎትን ማደያ አስቀድመው ይወቁ።

ቤንዚኑ የት እንደሚቀመጥ ካልወሰኑ ደግሞ አይግዙ። በብዙ ግቢ ማሽኑም ጀሪካኑም የሚገባው ዘበኛ ቤት ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ ሰውየው ይተኛል፣ ማታ ከሰል ያያይዛል፣ ሻይ ያፈላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል። ይህን እያወቁ ማድረግ የሰው ሕይወት ላይ መፍረድ ነው። አየር የሚገባበት፣ ከመኝታና ከእሳት የራቀ ቦታ ከሌለዎት የቤንዚኑን ሐሳብ ይተዉት። የጋለ ሞተር ላይም ቤንዚን አይጨመርም፤ እስኪበርድ ይጠበቃል።

ውጭ አገር ያለ ወንድም ወይም እህት «ይዤልህ ልምጣ» ካለ ሁለት ነገር ያረጋግጡ። የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ ለአሜሪካ 120 ቮልት ብቻ የተሠራ ቻርጀር እዚህ ሲሰካ ይቃጠላል። ሌላው ባትሪው ነው። ከ160 ዋት ሰዓት በላይ የሆነ ሊቲየም ባትሪ በመንገደኛ ሻንጣም በእጅ ጓዝም አይጫንም፤ 56 ቮልትና 5 አምፒር ሰዓት የሆነ የማጨጃ ባትሪ ደግሞ 280 ይደርሳል። ማሽኑ ቦሌ ደርሶ ባትሪው መነሻው ላይ ቢቀር ምን ይጠቅማል? በገመድ የሚሠራውን ከመረጡ ደግሞ 30 ሚሊ አምፒር ላይ የሚያቋርጥ ብሬከር በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስገጥሙ፤ በራሰ ሳር ላይም ፈጽሞ አይጠቀሙበት።

ጥገናውን በተመለከተ አንዷን ሕግ ዘበኛውም አትክልተኛውም በቃል ይያዟት፤ ቢላው ከመነካቱ በፊት የካንዴላው ገመድ ይነቀላል። የኤሌክትሪክ ከሆነ ሶኬቱ ወይም ባትሪው ይወጣል። የጠፋ ሞተር ቢላውን በእጅ በማዞር ብቻ ሊነሳ ይችላል፤ የታፈነ ሳር ለማውጣት የሚገባ እጅ የሚጎዳውም እንዲህ ነው። ስለዚህ ሳሩ የሚወጣው በእንጨት ነው። ማሽኑን ማጋደል ካስፈለገ የአየር ፊልትሮው ያለበት ጎን ወደ ላይ ይሁን፤ አለዚያ ዘይቱ ወደ ፊልትሮው ይፈሳል። ስለቱ በሞረድ ከተሳለ በኋላ መሃሉ በሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይፈተሽ፤ አንዱ ጎን ካዘነበለ ያው ጎን ጥቂት ይሞረድ። የተሰነጠቀ ቢላ ይጣል፤ አይበየድም።

ሳሩን በተመለከተ፣ ኪኩዩም ሆነ ሰርዶ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቆረጥ። ከታኅሣሥ ጀምሮ ከፍ አድርገው ይተዉት፤ የራሱ ጥላ እርጥበቱን ይይዝለታል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በበጋ ለቢጫ ሳር ሮቶ ማራገፍ አይታየኝም፤ ሁለቱም ሥራቸው ካልሞተ የበልግ ዝናብ ሲመጣ ያቆጠቁጣሉ።

የታጨደውን ለላም ከመስጠትዎ በፊት ያስቡ። ከማሽን የወጣ ሳር የሽቦና የፌስታል ቁራጭ ሊኖርበት ይችላል፤ ላም ይህን ከዋጠች ልትሞት ትችላለች። ንጹሑን ሳር በስሱ በትነው መሬቱ ላይ ይተዉት፣ አፈሩን ያዳብረዋል። በተለይ ለአውሮፕላን ማረፊያው ጎረቤት ከሆኑ ከምግብ ትራፊ ጋር ከአጥር ውጭ አይከምሩት፤ ክምሩ ወፍ ይጠራል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሳ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 እርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብተው ወድቆ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞተዋል።

ዝናቡ ሲያበቃ የቀረውን ቤንዚን ያስቀዱ፤ ወራት የቆየ ቤንዚን ካርብሬተር ይደፍናል። ዘይቱ ይቀየር፣ ከሥር የደረቀው ሳር ይፋቅ። ይህን ሁሉ የሚከታተል ሰው ከሌለ ማሽን ያለው አትክልተኛ መጥራት ይሻላል። ሲመጣ መጀመሪያ ጫማውን ይዩ፤ ቡት ከሌለው ገዝተው ይስጡት።