ስለ ሥጋ መብላትና ስለ ደንዳኔ ነቀርሳ

በሐዲያ ያሆዴ፥ በከምባታ ደግሞ መሳላ የሚባለው የመስከረም በዓል በደረሰ ጊዜ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ በሬ ይገዛል። በሐዲያ ይህ የሥጋ ማኅበር ቱታ ይባላል፤ ገንዘቡም ከብዙ ወራት አስቀድሞ ጥቂት በጥቂት የሚጠራቀም ነው። በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ከተከፈለ በኋላ ለየቤቱ ይደርሳል። በዓሉ ካለፈ ግን የገጠሩ ሰው የዕለት ምግብ ቆጮ፥ ጎመን፥ ገብስ፥ ባቄላና ወተት ነው እንጂ ሥጋ አይደለም። ሊቃውንት የሚያስጠነቅቁትም በዓመት አንድ ጊዜ ስለሚበላው ሥጋ ሳይሆን ዘወትር ስለሚበላው ነው።

ነገሩ የተለወጠው በከተማ ነው። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ መንገደኛው፥ ነጋዴውና ደመወዝ የተቀበለው ሠራተኛ ከሥጋ ቤት ገብቶ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሥጋ ወይም ጥብስ ያስቀርባል፤ በአንድ መቀመጫም ይጨርሰዋል። እጁ ባገኘ ቍጥር ይህንኑ ይደጋግማል፤ ብዙ መብላቱም እንደ ክብር ይቈጠርለታል።

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የነቀርሳ ምርምር ድርጅት መቀመጫው በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ነው። በዚያ የተሰበሰቡ ከ10 አገሮች የመጡ 22 ሊቃውንት ከ800 የሚበልጡ ጥናቶችን መርምረው በጥቅምት ወር 2008 ዓ.ም. ፍርዳቸው ተገለጸ። በጨው፥ በጢስ ወይም በመድኃኒት እንዲቆይ የተሰናዳ ሥጋ የደንዳኔን ነቀርሳ እንደሚያመጣ በቂ ማስረጃ ተገኘ፤ የበሬ፥ የበግና የፍየል ቀይ ሥጋ ግን ሳያመጣ አይቀርም በሚባለው በሁለተኛው መደብ ተጻፈ። (ነቀርሳ ሲባል ብዙ ሰው የሳንባውን በሽታ ያስባልና፥ መምህሩ ይህ ካንሰር የሚባለው ደዌ መሆኑን አስቀድሞ ቢያስረዳ መልካም ነው።)

ሊቃውንቱ የሰጡት ቍጥር፥ በየቀኑ 50 ግራም የተሰናዳ ሥጋ የሚበላ ሰው በዚህ ደዌ የመያዙ ዕድል በ18 በመቶ ይጨምራል የሚል ነው። ይህን ሰምቶ ከ100 ሰው 18ቱ ይታመማሉ ብሎ የሚደነግጥ አይታጣም፤ አሳቡ ግን ስሕተት ነው። ከ100 ሰዎች 5ቱ በዕድሜያቸው በዚህ ደዌ የሚያዙበት አገር አለ ብንል፥ መቶውም ሰዎች በየቀኑ ያን ያህል ሥጋ ቢበሉ የሚታመሙት ወደ 6 ይጠጋሉ ማለት ነው። ከፍ ያለ ክፍል ተማሪዎች ይህን በሒሳብ ሰዓት ሊሠሩት ይችላሉ።

የጕዳቱ መንገድ ከአንድ በላይ ነው። ሥጋን ቀይ የሚያደርገው ብረት ያለበት ቀለም በአንጀት ውስጥ ጎጂ ነገሮች እንዲበዙ ያደርጋል፤ በእሳት ላይ እስኪያር የተጠበሰ ሥጋም የራሱን መርዝ ይጨምራል። በአንጻሩ ጎመን፥ ባቄላና ያልተፈተገ እህል ቃጫ አላቸው። ይህ ቃጫ ገመድ የሚገመድበት የእንሰት ቃጫ አይደለም፤ ሆድ ሊፈጨው የማይችለው የምግብ ክፍል ነው እንጂ። ዐይነ ምድሩን አብዝቶ ቶሎ እንዲወጣ ያደርገዋል። በኡጋንዳ ብዙ ዘመን የሠራው የአየርላንድ ተወላጅ ሐኪም ዴኒስ በርኪት በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፥ በአፍሪቃ ገጠር ይህ ደዌ ብርቅ የሆነበትን ምክንያት ከዚሁ ቃጫ ጋር አያይዞታል።

ቋንጣም በጨው የሚደርቅ ስለ ሆነ ከተሰናዳው ሥጋ ወገን ይቈጠራል። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው እሳት አልነካውምና ምንም አይጎዳኝም ቢል፥ ብረት ያለበት ቀለም በጥሬውም ውስጥ አለ፤ የኮሶ ትልም የሚይዘው ከጥሬ የበሬ ሥጋ ነው። ኮሶና ነቀርሳ ግን የተለያዩ ደዌዎች ናቸው፤ ኮሶ በመድኃኒት ይወጣል።

ስለ መጠኑ የዓለም የነቀርሳ ምርምር ማኅበር የመከረው፥ የሚበላው ቀይ ሥጋ ከበሰለ በኋላ ተመዝኖ በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም ካለው እንዳያልፍ ነው። ከላይ የተነገረው ግማሽ ኪሎ እንግዲህ የሳምንቱን ድርሻ አብዛኛውን በአንድ ቀን ይወስዳል። ነገር ግን ይህን ሰምቶ ከልጁ ፊት ሥጋ የሚያነሣ አባት ቢኖር ትምህርቱን ፈጽሞ አልተረዳም። ሥጋ ለሚያጥረው የገጠር ልጅና ለነፍሰ ጡር ሴት ሥጋ ደም የሚሠራ ምግብ ነው። አረቄ ማብዛትና ትንባሆም ይህን ደዌ ይጋብዛሉ።

ከምግቡ ይልቅ የሚከፋው ግን ዝምታው ነው። ከዐይነ ምድሩ ጋር ደም ያየ ሰው ኪንታሮት ነው ብሎ ያፍራል፤ ለሚስቱ እንኳ አይነግርም። ከገበያ ሥር ገዝቶ ይጠጣል፥ ወይም ኪንታሮት እንነቅላለን ወደሚሉት ይሄዳል። ደሙ ጥቂት ቀን ሲያቆም ዳንሁ ይላል። ብዙ ጊዜ በእርግጥ ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ይሁን እንጂ ከነቀርሳ የሚወጣ ደምም ይመጣል፥ ይሄዳልም፤ ሁለቱንም ሳይመረመሩ መለየት አይቻልም። ደዌው ከትንሽ እባጭ ተነሥቶ ነቀርሳ እስኪሆን ብዙ ጊዜ ወደ 10 ዓመት ይፈጃል። እባጩ በዚህ ዘመን ከተገኘ ያለ ብዙ ችግር ተቈርጦ ይወጣል፤ ነቀርሳ ሆኖ ወደ ጉበት ከተዛመተ ግን መዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2004 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባ የነቀርሳ መዝገብ፥ ይህ ደዌ በወንዶች ላይ ከሚበዙት ነቀርሳዎች አንዱ መሆኑን አሳይቷል። ከኢትዮጵያ ሕሙማንም ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ዘግይተው ነው፤ 50 ዓመት ያልሞላቸውም ጥቂቶች አይደሉም።

ስለዚህ ደም ያየ፥ ሆዱ ያለ ልማዱ ለሳምንታት የደረቀ ወይም የተቀመጠ፥ ያለ ምክንያትም የከሳ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባዋል። ከዚያም ሲያስፈልግ በሆሳዕና ወዳለው፥ የሐዲያ ተወላጅ በነበረችው በንግሥት እሌኒ ስም ወደ ተሰየመው ሆስፒታል ይላካል። ምርመራው የሚጀምረው ሐኪሙ ፊንጢጣውን በጣቱ በመዳሰስና ዐይነ ምድሩን በመመርመር ነው፤ ካስፈለገም መብራት ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀቱ ይታያል። ሰው የሚፈራው ይህን ነውና፥ አስቀድሞ የተመረመረ ሽማግሌ በሰው ፊት ቢናገረው ከመምህሩ ቃል ይልቅ ይሰማል። ወላጁ፥ ወንድሙ ወይም እኅቱ በዚህ ደዌ የታመመበት ሰው ግን ደም እስኪያይ ሳይጠብቅ ሐኪም ያማክር፤ ደዌው በዘር ሊወረስ ይችላልና።