«ተሽሯል» ሲሉሽ

ሕግ ተምራ መርሳ ለምትሠራው ለእህቴ ልጅ

ልጄ፣ ወልድያ ፍርድ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ራፖር ስጽፍ ነው ያረጀሁት። እዚያ ደጅ «ተሽሯል» የማይል የለም። ገበሬው ይላል፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ይላል፣ ጠበቃውም መልስ ሲያጣ ይላል። አንቺ ግን የደመወዝ ሰው ነሽና ከማለትሽ በፊት ይህን ስሚኝ።

፩. ቃሉን ከነቤተሰቡ እወቂው። ከግዕዙ «ሰዐረ» የወረደ ነው። በእኛ አገር ቁስል ይሽራል፣ ሰንበት ይሻራል፣ ኑዛዜ ይሻራል፣ ሹምም ይሻራል። ለሕግ የሚቀርበው የሹሙ ነው። ሹም ዛሬ ቢሻር ትናንት የፈረደው ፍርድ አብሮት አይወርድም፤ ከነገ ጀምሮ ግን ትእዛዙ አይሰማም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የተሻረ ሕግ ጭራሽ እንዳልነበረ ስለሚመስለው ነው።

፪. «በየትኛው አዋጅ? አንቀጽ ስንት?» ማለት ልመጂ። የፌዴራሉ ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ ነው የሚወጣው፣ የክልላችን ደግሞ በዝክረ ሕግ። አዋጅ እጅሽ ሲገባ ከመጨረሻው ገጽ ጀምሪ። የተሻሩና ተፈጻሚነት የማይኖራቸው ሕጎች የሚል ርእስ ታገኛለሽ። እዚያ አንዳንዴ አሮጌው ሕግ በቁጥሩ ተጠርቶ ይሻራል፤ ይህ አያከራክርም። አከራካሪው ቀጥሎ የሚመጣው ነው፦ ይህን አዋጅ የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ወይም የአሠራር ልምድ በአዋጁ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ አይሠራም ይላል። «የሚቃረን» እና «በተሸፈኑ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አስምሪባቸው። የማይቃረነው ክፍል በሕይወት አለ።

የገጠር መሬታችንን ሕግ ብትከተዪ 46/1992፣ ከዚያ 133/1998፣ ከዚያ 252/2009 እያለ ወርዷል። ከግራና ወይም ከውርጌሳ የመጣ ባለ ጉዳይ የመጀመሪያውን ይዞ ቢቀርብሽ አትሳቂበት፤ በዚያን ጊዜ ለተሰጠው መብት ማስረጃው እሱ ሊሆን ይችላል። ከጽሕፈት ቤት በሰርኩላር ደብዳቤ «አዋጁ ቀርቷል» ተብሎ ቢመጣ ግን አትቀበዪ። ደብዳቤ አዋጅ አይሽርም፤ መመሪያም አይሽርም።

፫. የት ነው የተሻረው? ይህን ከማንም መጽሐፍ ይልቅ በቤተሰብ ሕግ ተማሪው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15፣ ለወንድ 18 ብሎ ነበር፤ አንቀጽ 581 ነው። ባል የቤተሰቡ ራስ ነው የሚልም አንቀጽ 635 ነበረው። በ1992 የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ወጣ፤ ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ። ሕጉ ግን ያገለገለው ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ነው። የእኛ ክልል የራሱን የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79ን፣ ያወጣው በ1995 ነው። እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ የተሻረው የጋብቻ ሕግ ወልድያና መርሳ ላይ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቷል። በራዲዮ የሰሙ እናቶች ሕጉ ተለውጧል ብለው ሲመጡ፣ እዚህ ገና ነው ብሎ መመለስ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አስቢው።

ደግሞ ሌላ አለ። በ1987 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴትና ወንድ እኩል ናቸው፣ በአንቀጽ 9 ደግሞ የሚቃረነኝ ሕግ አይሠራም ብሏል። እኔን ከጠየቅሽኝ 635 ማንም በስሙ ሳይጠራው ያን ጊዜውኑ አልቆለታል። የማይስማሙ ዳኞች ግን ነበሩ፤ ክርክሩን አንቺው ጨርሺው።

፬. መቼ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 3348፣ ከእኔ በፊት በደንብ የተመሠረተ ነገር እኔ ስለመጣሁ አይፈርስም የሚል ሐሳብ ይዟል። በወንጀል ደግሞ ጥንቃቄ ያሻል። ግንቦት 1 ቀን 1997 ሥራ የጀመረው የወንጀል ሕግ የ1949ኙን ሽሯል፤ በአሮጌው ጊዜ ለተፈጸመ ወንጀል አዲሱ ቅጣት ቀለል ካለ ግን ተከሳሹ በአዲሱ ይጠቀማል። በአሮጌው ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ክሱ ይቀርለት ነበር። ያ በር ተዘግቷል፤ ሽማግሌ ልኮ ሊከፍተው የሚመጣ ግን አይጠፋምና ንቂ።

የዳና የእስልምና ትምህርት ደረሶች ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ ናሲኽና መንሱኽ ብለው ሻሪውንና ተሻሪውን ይማራሉ። ቂብላው፣ የሚሰገድበት አቅጣጫ፣ ከበይተል መቅዲስ ወደ መካ ሲዞር ቀድሞ የተሰገደው ሰላት ከንቱ አልሆነም።

፭. ተሻረ ሲባል ሳይሻር የኖረም አለ። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በ1936 በአዋጅ ቁጥር 62 ታወቀ። መስከረም 1 ቀን 1953 የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሲጸና፣ አንቀጽ 3347 እኔ በያዝኩት ጉዳይ የቀደመ የተጻፈም የልማድም ሕግ ተሽሯል አለ። ጋብቻንም ውርስንም ይዟል። ታዲያ በቃሉ ብንሄድ ቃዲው መዝገቡን መዝጋት ነበረበት። አልዘጋም። ሕዝቡ መሄዱን አልተወም፣ መንግሥትም አልከለከለም፤ የሕግ ሰዎች ግን «ተሽሯል፣ አልተሻረም» ሲባባሉ ኖሩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 እና 78 መንገድ አበጀለት፤ በ1992 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 188 የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተደራጁ። እዚያው ሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ላይ ስትሠሪ ይህ ጉዳይ ጠረጴዛሽ ላይ ይመጣል። ተከራካሪዎቹ ፈቅደው መሄዳቸውን ጠይቂ፤ ፈቃዳቸው ከሌለ ቃዲው ሥልጣን የለውም።

፮. ቃል አትደባልቂ። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ የ1948ቱን ሕገ መንግሥት «አገደ» እንጂ «ሻረ» አላለም። በጥቅምት 2014 የታወጀው የስድስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በየካቲት ጊዜው ሳይሞላ «ተነሣ»። የ2015ቱ ግን ተራዝሞ በ2016 ጊዜው አለቀ፤ ማንም አልሻረውም። «ተሻሻለ» ሲሉሽም የቀረው ክፍል አለ ማለት ነው።

፯. የተሻረውን አትጣዪ። አዲስ ሕግ በመጣ ቁጥር አሮጌውን ለሱቅ መጠቅለያ የሚሰጡ ቢሮዎች አይቻለሁ። በ1980ዎቹ የተጋቡ ባልና ሚስት ዛሬ ቢካሰሱ፣ ያኔ የነበረው ጋብቻ ጸንቶ እንደሆነ የሚታየው በድሮው ሕግ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉን መጽሐፍ የጋብቻው ክፍል ተሻረ ብለሽ ብትጥዪው ከአንቀጽ 826 የሚጀምረው ውርሱ አብሮ ይሄድብሻል፤ እሱ ዛሬም ይሠራል። በእርሳስ፣ በእስክርቢቶ ሳይሆን፣ ከየተሻረው አንቀጽ ጎን የሻረውን አዋጅ ቁጥርና ዓመተ ምሕረት ጻፊበት።