ሞት በመስኮት ሲገባ

ፈተና በሁለት ወገን ይመጣል። አንዱ ከውጭ ነው፤ ሁለተኛው ከሰው ልብ፣ ከምኞት ነው። ከውጭ የመጣው ከውስጥ የሚቀበለው ካላገኘ ደጅ ቆሞ ይመለሳል። ይህንንም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአሜሪካ በተሠሩ ፊልሞች ምሳሌነት እንመለከተዋለን።

እንዲህ ያሉትን ፊልሞች የፈረንሳይ ጸሐፊዎች በ1946 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) «ፊልም ኑዋር»፣ ማለት ጥቁር ፊልም አሏቸው። በብዙዎቹ ሌባው ብቻ ሳይሆን ሌባን ሊይዝ የተሾመው ፖሊስም ሲወድቅ ይታያል። ነገሩም ከእውነት የራቀ አልነበረም፤ በ1950 እና በ1951 ዓ.ም. ሴናተር ኬፎቨር የመሩት አጣሪ ጉባኤ የቁማርተኞች ጉቦ በልዩ ልዩ ከተሞች እስከ ፖሊስ ሹማምንት መድረሱን ለሕዝብ ገልጿልና።

በ1954 ዓ.ም. በወጣው «ፑሽኦቨር» በተባለው ፊልም ሸሪዳን የሚባል መርማሪ አለ። ባንክ ዘርፎ የተሰወረ ነፍሰ ገዳይ ወደ ወዳጁ ይመጣል ተብሎ ስለ ታሰበ፣ ሸሪዳን አስቀድሞ ከሴቲቱ ጋር እንዲተዋወቅ፣ ኋላም በቤቷ ትይዩ ተቀምጦ በመስኮት እንዲጠብቃት ታዘዘ። መመልከቱ ግዳጁ እንጂ በደሉ አልነበረም። ነገር ግን ዐይኑ ያየውን ልቡ ወደደው፤ ሴቲቱም ሌባውን ገድለን ገንዘቡን እንውሰድ ባለችው ጊዜ ውሎ አድሮ ተስማማ። ሌባውን ገደለ፤ የሥራ ባልደረባውም ከእርሱ ጋር ሲታገል ሞተ። ንጉሥ ዳዊትም ከሰገነት ሆኖ አየ፤ አይቶ ተመኘ፤ ተመኝቶም የኦርዮን ሞት አዘዘ። ነቢዩ ኤርምያስ ሞት በመስኮት እንደ ገባ ተናግሯል፤ ሊቃውንትም መስኮቱ ሕዋሳት ናቸው ብለው ይተረጕሙታል።

በዚያው መስኮት አጠገብ ማክአሊስተር የሚባል ሌላ መርማሪ ነበር። እርሱም በጎረቤት የምትኖር አንዲት ሴት አይቶ ወደዳት፤ ሆኖም ከግዳጁ አልወጣም። መስኮቱ አንድ ነው፤ ልባቸው ግን ሁለት ነው።

ጉቦን እንቢ ያለም ቢሆን ከፈተና ወጣሁ አይበል። በ1953 ዓ.ም. በወጣው «ዘ ቢግ ሂት» በተባለው ፊልም ባኒየን የሚባለው መርማሪ በገንዘብ አልተረታም። ወንበዴዎቹ ለእርሱ ባጠመዱት ፈንጂ ሚስቱ ስትሞትበት ግን ቂም ያዘው፤ ከወንበዴዎቹ ጋር በምሥጢር የተባበረችውንም መበለት አንገቷን አንቆ ሊገድላት ጥቂት ቀረው። ገንዘብ ያላሸነፈውን ሰው ቍጣ ሊያሸንፈው ደረሰ።

ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት የነበረው የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ደንብ ወንጀለኛ ሳይቀጣ እንዳይቀር ያዝ ነበር። ስለዚህ ሸሪዳን በመጨረሻ በጥይት መውደቁ ደንቡ የሚጠይቀው ነው። በዓለም ግን ሳይታወቅበት በሹመቱ የሚያረጅ ጉቦኛ ብዙ ነው። እንግዲህ ትምህርቱን ከመጨረሻው ጥይት ሳይሆን ከመጀመሪያው መስኮት መፈለግ ይገባል፤ ሸሪዳን የወደቀው በዚያ ነውና።

ወታደሮች ወደ መጥምቁ ዮሐንስ ቀርበው ምን እናድርግ ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ሰውን እንዳይበድሉ፣ ደመወዛቸውም እንዲበቃቸው መከራቸው። የንስሐ አባቶችም የሕግ ጠባቂ የሆነ ልጃቸው ሲመጣ ጉቦ በልተሃልን ከማለት አስቀድመው ዐይንህ ምን ላይ አረፈ፣ ደመወዝህስ በልብህ መቼ አነሰብህ ብለው ይጠይቁት። ምኞት ገና በመስኮት ሳለ መመለስ ይቻላል፤ ከገባና ከተቀመጠ በኋላ ግን የቤቱን ጌታ ያዝዘዋል። እግዚአብሔር መስኮታችንን ይጠብቅልን።